የዘፈን ስም መነሻ ፊደል

በዚህ መጽሔት ላይ በየዓመቱ የሚወጡት ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ታሪክ፣ ስለ ሳይንስ ወይም ስለ ጤና የተጻፉ ናቸው። እኔ ግን የምጽፈው ከአንድ የቤት ጨዋታ ተነሥቼ ስለ ሆነ አስቀድማችሁ እንዳትስቁብኝ እለምናለሁ። በጨዋታ የተጀመረው ነገር በኋላ ትምህርት ሆኖ አግኝቼዋለሁና።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ አንዱ አንድ ፊደል ይጠራል፤ ቀጥሎ ያለው ስሙ በዚያ ፊደል የሚጀምር ዘፈን ይናገራል፤ ካላመኑትም ጥቂት ያንጎራጉራል። የሚናገረው ያጣ ይወጣል። ሳይወጡ በመጨረሻ የሚቀሩት ዘወትር አያቴ ነበሩ።

አያቴን እኛ የልጅ ልጆቻቸው አባባ እንላቸዋለን። በወጣትነታቸው ከደመወዛቸው እየቆጠቡ ሸክላ ይገዙ ነበር። በዚያ ዘመን አቶ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስ የተባለውን ድርጅት አቋቁመው የጊዜውን ዘፋኞች በሸክላ ያሳትሙ ጀመር። በአንድ ትንሽ ሸክላ በፊቱ አንድ፣ በጀርባው አንድ ዘፈን ይገኛል። አባባ ሸክላዎቻቸውን በካርቶን ውስጥ የደረደሩት እንደ ሌላው ሰው በዘፋኙ ስም አልነበረም፤ በፊተኛው ገጽ ላይ ባለው ዘፈን መነሻ ፊደል ነበር። በጨዋታው የሚያሸንፉንም ስለዚህ ይመስለኛል።

አምና በጥቅምት ወር አባባ በድንገት ታመሙ። ሐኪሞቹ በግራ አንጎላቸው ደም የሚያደርስ ሥር ተዘግቶ እንደ ነበር ነገሩን። እግዚአብሔር ይመስገን ከአልጋ ተነሥተዋል፤ ዳሩ ግን ቀኝ እጃቸው ደከመ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። የምንነግራቸውን ይሰማሉ፤ የሚፈልጉትንም ያውቃሉ፤ ቃሉ ግን አይመጣላቸውም። ውሃ ለማለት ሲፈልጉ «ያ... ያንን...» ይሉና ግራ እጃቸውን አወናጭፈው ዝም ይላሉ። ይህን ጥናት የጀመርሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ፊደል ማለት ምን ማለት ነው?

ደብተር ገዝቼ ዘፈኖችን በመነሻ ፊደላቸው መመዝገብ ስጀምር በመጀመሪያው ቀን ችግር ገጠመኝ። «በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ዘፈኖች» ስንል ምን ማለታችን ነው? በላቲን ፊደል ለሚጽፉ ሰዎች ነገሩ ቀላል ነው፤ አናባቢው ምንም ቢሆን መነሻይቱ ፊደል ያችው ናት። የእኛ ገበታ ግን 33 ቤቶች አሉት፤ እያንዳንዱም ቤት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ልጆች አሉት። 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። እንግዲህ «ተማር ልጄ» እና «ትዝታ» በአንድ ፊደል ይጀምራሉን?

በቤታችን በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ተከራክረናል። ታናሽ እህቴ ተ ሌላ፣ ት ሌላ ናት ትላለች። አባባ ግን በጤናቸው ጊዜ «ልጅ ከቤቱ አይለይም» ብለው ሁሉንም በአንድ ቤት ይቆጥሩ ነበር። እኔም ደብተሬን ያዘጋጀሁት በአባባ ፍርድ ነው።

ሁለተኛው ችግር ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው የተለያየ ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ በዛሬው አነጋገራችን በጆሮ አይለዩም፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። በጽሕፈት ልዩነታቸውን መጠበቅ ተገቢ ቢሆንም ዘፈን በጆሮ የሚታወቅ ነገር ነውና አንድ ላይ ቆጠርኋቸው። ከ33ቱ ቤቶች 28 ቀሩኝ።

ሦስተኛው ችግር ስሙ ራሱ ነው። በሸክላው ላይ የታተመው ስም አንድ ሲሆን ሰው ዘፈኑን በአዝማቹ የሚጠራበት ጊዜ አለ። እንደዚህ ያለ ሲያጋጥመኝ በሁለቱም ቦታ ጻፍሁት።

በደብተሬ ያገኘሁት

አስቀድሜ የሞላሁት የተን ገጽ ነው። ከአለማየሁ እሸቴ ዘፈኖች ብቻ «ተማር ልጄ»፣ «ታሻማናለች»፣ «ትላንትና ዛሬ» እና «ትማርኪያለሽ» ተገኙ። ከእጅጋየሁ ሽባባው «ተው አንተ ሰው» ተጨመረ። «ትዝታ»ንማ ማን ይቆጥረዋል! ትዝታ የአንድ ዘፈን ስም ብቻ አይደለም፤ ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች የአንዱ ስም ነውና በየዘመኑ የተነሡ ዘፋኞች ሁሉ የየራሳቸውን ትዝታ ዘፍነዋል። የሌሎቹ ሦስት ቅኝቶች ስም ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ነው። ልብ በሉ፤ ከአራቱ ሁለቱ በአ ይጀምራሉ።

የአ ገጽ ደግሞ ከሁሉ በለጠ። የጥላሁን ገሠሠ «አልቻልኩም» እና «አይከዳሽም ልቤ»፣ የማሕሙድ አሕመድ «አልማዝ»፣ የአለማየሁ እሸቴ «አዲስ አበባ ቤቴ»፣ የእጅጋየሁ ሽባባው «አድዋ» እና «አባይ»፣ የቴዎድሮስ ካሣሁን «አቡጊዳ»፣ ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ የሚዘፍኑት «አበባየሆሽ» ሁሉም በአንድ ገጽ ተጨናነቁ። የእ ልጆችም እዚያው ናቸው፤ የግርማ በየነ «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ» እና «እንከን የሌለብሽ» ለምሳሌ ያህል ይበቃሉ። የየ ገጽም እንደዚሁ ሰፊ ነው። የሙላቱ አስታጥቄ «የከርሞ ሰው» እና «የግሌ ትዝታ» እዚያ ተመዝግበዋል። «የከርሞ ሰው» በፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 የወጣው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ካሰማው ወዲህ በውጭ አገርም የታወቀ ዜማ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ዘፈን ብቻ ይዘው ባዶ የቀሩ ገጾች አሉ። በጨ ቤት «ጭሮ አዳሪ ነኝ» ለብቻው ቆሟል።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? መልሱን ያገኘሁት በሰዋስው ትምህርት ነው። በአማርኛ የቃሉ መነሻ ፊደል ብዙ ጊዜ የቃሉ ሥር አይደለም፤ በፊቱ የተለጠፈ ባዕድ መነሻ ነው። «ትማርኪያለሽ» በሚለው ውስጥ ት የምትናገረው ስለ አንቺ ነው፤ «ታሻማናለች» በሚለው ግን ያችው ት ከአ ጋር ተዋሕዳ ስለ እሷ ትናገራለች። በ«አልቻልኩም» እና በ«አይከዳሽም» መነሻ ላይ ያለችው አ አሉታን ታመለክታለች። በ«የከርሞ ሰው» መነሻ ላይ ያለችው የ ደግሞ አንዱን ነገር ለሌላው ገንዘብ ታደርጋለች። ዘፋኝ ሲዘፍን ወይ አንቺን ያነጋግራል፤ ወይ አልቻልሁም ይላል፤ ወይ የኔ ይላል። ስለዚህ ተ፣ አ እና የ ቢጨናነቁ አይደንቅም። የአማርኛ ሰዋስውና የዘፋኞች ጉዳይ በእነዚህ ፊደላት ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይህን ስለሚያውቁ ባዕዱን መነሻ ገፈው ሥሩን ይፈልጋሉ። «የከርሞ» የሚለውን ቃል በመዝገበ ቃላት የሚሻ ሰው ወደ ከ እንጂ ወደ የ አይሄድም። የፊደሉ ተራም አንድ ብቻ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታላቅ የግዕዝ መዝገበ ቃላት የተደረደረው በሀ ለ ሐ መ ሳይሆን በአ በ ገ ደ ተራ ነው። ከላይ የጠቀስሁት «አቡጊዳ» የሚለው የዘፈን ስምም የተገኘው ከዚሁ ከአበገደ ተራ ነው፤ ልጆች ፊደል ሲማሩ አ ቡ ጊ ዳ እያሉ ተራውንና ድምፁን በአንድ ጊዜ ይለማመዱበታል።

«አፌ ላይ ነው»

አሁን ወደ አባባ ልመለስ። ሁላችንም አንድን ስም እያወቅን ስንረሳ «አፌ ላይ ነው» እንላለን። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ሮጀር ብራውንና ዴቪድ ማክኒል የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ይህንኑ ነገር በተማሪዎች ላይ መርምረው ነበር። ያልተለመዱ ቃላትን ትርጉም እያነበቡላቸው ቃሉን እንዲናገሩ ይጠይቋቸዋል። ቃሉ «አፌ ላይ ነው» የሚሉት ተማሪዎች ቃሉን ባይናገሩትም የሚጀምርበትን ፊደል ግን ከግማሽ በሚበልጠው ጊዜ በትክክል ገመቱ። እንግዲህ ቃል ሲጠፋብን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ መነሻው በደጅ ቆሞ ይቀራል።

የአባባ ሐኪምም ይህን የሚመስል ምክር ሰጡን። «ቃሉን አትንገሯቸው፤ የመጀመሪያውን ድምፅ ብቻ ስጧቸውና ታገሡ» አሉን። በማግሥቱ አባባ «ያ... ያንን...» ሲሉ እናቴ ወደ ማድጋው እያየች «ው...» አለች። አባባ ጥቂት ቆይተው «ውሃ» አሉ። ከታመሙ ወዲህ ቃሉን በትክክል ሲናገሩ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

እኔም ደብተሬን ይዤ ከአጠገባቸው ተቀመጥሁ። «ኧ...» አልኋቸው። ፊታቸው በራና «ኧረ መላ መላ» አሉ፤ የማሕሙድ አሕመድን ዘፈን ማለታቸው ነው። ስሙን ብቻ ተናግረው አላቆሙም፤ ዜማውን ከነቃሉ ጥቂት ወሰዱት። ውሃ ለማለት የሚቸግራቸው ሰው እንዴት ዘፈን ይዘፍናሉ ብለን ተደነቅን። ሐኪሙ ሲያስረዱን የንግግር ኃይል በብዙዎች ዘንድ የሚገኘው በግራ አንጎል ነው፤ ይህንንም ፖል ብሮካ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1861 አንድ መናገር የተሳነው ሰው ከሞተ በኋላ አንጎሉን መርምሮ አስታወቀ። ዜማ ግን ቀኝ አንጎልንም ይጠቀማል። ስለዚህ መናገር ያቃታቸው አንዳንድ ሕሙማን ሲዘፍኑ ቃሉ ይወጣላቸዋል።

የተጨናነቀ በር

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት እንጫወት ጀመር። ውጤቱን በደብተሬ ጻፍሁ። «ጭ...» ስላቸው ወዲያው «ጭሮ አዳሪ ነኝ» አሉ። «ኩ...» ስላቸው «ኩሉን ማን ኳለሽ» አሉ። «ዋ...» ስላቸው «ዋይ ዋይ ሲሉ» አሉ። «አ...» ስላቸው ግን ዝም አሉ። «የ...» ስላቸውም ዝም አሉ፤ ግንባራቸውን ቋጥረው አንገታቸውን ነቀነቁ።

በመጀመሪያ ደክሟቸው ይሆናል ብዬ ነበር። በሌላ ቀን አስቀድሜ አና የን፣ በኋላ ጭን ጠየቅኋቸው፤ ውጤቱ ያው ሆነ። ያን ጊዜ የደብተሬን ገጾች አገላብጬ አየሁና ነገሩ ገባኝ። አባባን ዝም የሚያሰኙት ፊደላት እነዚያው የተጨናነቁት ገጾች ነበሩ። በአንድ በር አንድ ሰው ቢቆም በሩ ሲከፈት ይገባል፤ መቶ ሰው ቢቆም ግን ተጋፍተው አንዱም አይገባም። የሥነ ልቦና ሊቃውንትም አንድ ማስታወሻ የብዙ ነገር ማስታወሻ በሆነ መጠን ኃይሉ እንደሚደክም ጽፈዋል።

ሌላም ነገር ተማርሁ። «ተ...» ስላቸው «ታሻማናለች» አልመጣላቸውም ነበር፤ «ታ...» ስላቸው ግን መጣ። ለመዝገብ የአባባ ፍርድ ይሻላል፤ ለማስታወስ ግን የሚያስፈልገው ትክክለኛው ድምፅ ነውና የእህቴ ፍርድ ይበልጣል። ይህን ስነግራት ለሦስት ቀን ያህል ኰራችብኝ።

በርግጥ አንድ አያት ይዞ ሕግ ማውጣት አይቻልም። የሳይንስ መምህራችን እንደሚሉት አንድ ሙከራ ጥያቄ ነው እንጂ መልስ አይደለም። ቢሆንም ቀጥሎ የምተርከው ነገር ሐሳቤን አጽንቶልኛል።

በሰኔ ወር ማታ

በሰኔ ወር አንድ ማታ ዝናብ እየዘነበ መብራት ጠፋ። እናቴ ሻማ ስታበራ አባባ ግራ እጃቸውን አንሥተው «ያ... ያ...» አሉ። ውሃ አቀረብንላቸው፤ አይደለም አሉ። ጋቢ አመጣንላቸው፤ አሁንም አይደለም አሉ። ከዚያ በጣታቸው ጠረጴዛውን በምት ይመቱ ጀመር። እህቴ «ዘፈን ነው! ጨዋታውን ነው የሚፈልጉት!» ብላ ጮኸች።

የትኛውን ዘፈን? እህቴ ከሀ ጀምራ ገበታውን በቃሏ ትቆጥር ጀመር። ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ እያለች ስትሄድ አባባ ዝም ብለው ይሰማሉ። ሃያ ሦስተኛው ፊደል የ ላይ ስትደርስ አንገታቸውን ወደ ታች ነቀነቁ። እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ ከፊደላት ሁሉ ይህ የተጨናነቀው በር መሆኑን አውቃለሁና። «የከርሞ ሰው» አልሁ፤ አይደለም አሉ። «የግሌ ትዝታ» አልሁ፤ አይደለም አሉ። አባባ መበሳጨት ጀመሩ፤ ጣታቸውም ጠረጴዛውን መምታት አቆመ። እናቴ «በቃ አታድክሟቸው፤ ይተኙ» አለች።

ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በሩ ከተጨናነቀ በውስጡ ሌላ በር መክፈት ነው። በየ የሚጀምሩት ሁሉ በሁለተኛው ፊደላቸው እንደገና ይከፈላሉ። ለእህቴ ነገርኋትና እንደገና ከሀ ጀመረች። «የሀ... የለ... የሐ... የመ...» እያለች ቀስ ብላ ወረደች። «የከ...» ስትል አባባ እጃቸውን በእምቢታ አወናጨፉ። አሥራ ዘጠነኛው ፊደል ላይ ደርሳ «የወ...» ስትል አባባ ግራ እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ አሳረፉና «የወይን ሐረጊቱ!» አሉ።

የአለማየሁ እሸቴ ዘፈን ነው። ቀጥሎም ዜማውን ያንጎራጉሩት ጀመር፤ ቃሉ አንዳንድ ቦታ ቢሰበርም ዜማው አልተሰበረም። እናቴ ሻማውን እንደ ያዘች ቆማ ቀረች። ዘፈኑ ሲያልቅ እህቴ «አባባ አሸነፉ» አለች፤ እንደ ድሮው።

በማግሥቱ የሸክላውን ካርቶን አውርጄ የየን ተራ ፈለግሁ። ሸክላው አባባ ባስቀመጡበት ቦታ ነበር።

ማጠቃለያ

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፤ ከዚህ ጥናት የተረዳሁት በአጭሩ ይህ ነው። የቃል መነሻ ፊደል የማስታወስ ቁልፍ ነው። ጥቂት ቃላት የሚጀምሩበት ፊደል ጠንካራ ቁልፍ ነው፤ ብዙዎች የሚጀምሩበት ደካማ ነው። በአማርኛ ደካሞቹ ባዕድ መነሻ የሚሆኑት ናቸው። ደካማ ቁልፍ ሲያጋጥም ሁለተኛውን ፊደል መጨመር ይገባል። ይህን ለፈተና ስታጠኑም ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ የጠፋችሁን ስም በገበታው ተራ ብትፈልጉት ብዙ ጊዜ ታገኙታላችሁ።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። በቤታችሁ አንደበቱ የተያዘ ሰው ቢኖር ቃሉን በእርሱ ፈንታ ፈጥናችሁ አትጨርሱለት። በሐኪም ምክር እየተመራችሁ መነሻውን ስጡትና ታገሡ። እኛ በመጀመሪያዎቹ ወራት አባባን እንረዳለን ብለን ሁሉን ቃል ከአፋቸው እየነጠቅን ነበር።

አባባ አሁንም ሁሉን ነገር አይናገሩም። ነገር ግን ስማችንን ሁሉ ይጠራሉ፤ የእኔን ስም የሚጠሩት ግን እህቴ መነሻውን ስትሰጣቸው ነው። ስሜ በአ ስለሚጀምር አልፈርድባቸውም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት ቢገኝ አንባቢዎች በይቅርታ እንዲያልፉልኝ፣ ያላወቅኋቸውን ዘፈኖች የሚያውቁም በደብተሬ እንድጽፋቸው እንዲነግሩኝ በትሕትና እለምናለሁ። የጰ ገጽ እስካሁን ባዶ ነው።